ትሪ ቁጥር አሥራ ሰባት

ሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን
ከአይብ ክፍሉ

የናቴ ልጅ፣ ታናሼ፣

ጤናሽን፣ ሥራሽን፣ እንቅልፍሽን አስቀድሜ ልጠይቅሽና ከዚያ ወደ ነገሬ ልግባ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። አራት ቀን ሙሉ ይህን ደብዳቤ በሆዴ ስጽፈው ከርሜያለሁ። ሰላምታውን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ይህን ስሚ፦ ፕሮቶኮል የምንለውን ሥራ አስኪያጅ ጣልኩት።

በአይብ ማኅበራችን አባላት ሁሉ ፊት፣ በራሱ አፍ አስመስክሬ ጣልኩት። ከሥራ አስኪያጅነቱም ከአባልነቱም ተሰናብቷል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ስልሽ እንዲያው ለማለት ያህል እንዳይመስልሽ። ሐሙስ ማታ እራቴን ሳልበላ ጠግቤ ነው የተኛሁት።

እማማ «ረጋ ብለሽ ጻፊላት፤ አንቺ ስትናደጂ ግማሹን ትዘያለሽ» ብላኛለች። ስለዚህ ከሥር ልጀምር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ከመደርደሪያው ኋላ ቆሜ የጠንካራውን አይብ ቅርፊት በብሩሽ እጠርጋለሁ። ያቺ መነጽሯን ራሷ ላይ ሰክታ በየቦታው የምትፈልገው ፋርማሲስት ገባች። ታስታውሻታለሽ፤ ደግ ሴት ናት፣ አፏ ላይ ግን መዝጊያ የላትም። ልጇ ልትመረቅ ነውና ለእንግዶቿ የአይብ ጠረጴዛ እንዳሰናዳላት ፈለገች።

«ምን ዓይነት ይሁንልሽ?» አልኳት።

«ቆይ፣ ፎቶ አለኝ። ልክ እንደዚህ እንዲሆን ነው የምፈልገው። እንዴት እንደሚያምር እይልኝ» ብላ ስልኳን አቀበለችኝ።

ፎቶው ላይ አንድ ሰፊ ጓሮ አለ። ሣሩ የተከረከመ ነው፤ ጠረጴዛው ነጭ ልብስ ለብሷል። ፕሮቶኮል መሃል ላይ ብርጭቆ ይዞ ጥርሱን ያሳያል። ከፊቱ ሦስት ትሪ ተደርድሯል። ትሪዎቹ ላይ ያሉት ያንቺ ድመቶች ናቸው።

ልጄ፣ እነዚያን አመድ የለበሱ ለስላሳ አይቦችሽን በዓለም ላይ ማን ይሠራቸዋል? አንቺ ነሽ «ድመት» ያልሻቸው፤ ግራጫ ስለሆኑና ሲነኳቸው ስለሚለሰልሱ። በእያንዳንዱ ትሪ ጠርዝ ላይ ያንቺ ወረቀት ተለጥፏል። ሰባትን ወገቧ ላይ በጭረት እንደምታስሪያት እኔ አውቃለሁ። መካከለኛው ትሪ ላይ አሥራ ሰባት ይላል።

ፎቶው የተነሳበት ቀን ከሥሩ አለ። ረቡዕ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ። ከአራት ዓመት በፊት፣ ማኅበሩ በዓመት አንዴ ከሚያደርገው የቅምሻ ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ።

ብሩሹን አስቀመጥኩት።

«የት ነው ይሄ?» አልኳት።

«የሥራ አስኪያጁ ግቢ ነዋ! የወርቅ አባላት ቅምሻ። አንቺ አልነበርሽም እንዴ? ለነገሩ ጥቂት ሰው ነበር የተጠራው።»

«ረጅም ሰዓት ቆያችሁ?»

«ኧረ ዋልን! ከሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። አይቡማ ተርፎ ነበር። እኛ ጠዋት ከአንዱ ትሪ ነው የቀመስነው፤ ሌላው እንዲያው ለዓይን ነው የቆመው። እሱም ‹አይነካ፣ ነገ ለተራው አባል ይቀርባል› ሲል ነበር።»

ለተራው አባል። እንደዚያ ነው ያለው።

ፋርማሲስቷ ምን እንደነገረችኝ አላወቀችም። ያን ዓመት በማግሥቱ፣ ሐሙስ ማለዳ፣ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ስድስት ወር ቆይታለች፤ ሰው መታመሙን ሰምታለች፣ የታመመው ከየትኛው ትሪ በልቶ እንደሆነ ግን አልሰማችም። እኔ ግን አውቃለሁ። ከጤና መሥሪያ ቤት የመጣችው መርማሪ የጻፈችውን እንደ ስሜ ነው የማውቀው። «ሠላሳ አንዱም ሰዎች የተመገቡት ከትሪ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው።» አይቡ መበላሸቱን አገኘች። እንዴት እንደተበላሸ ሲጠይቋት «ንጽሕና ሊሆን ይችላል፣ ሙቀትም ሊሆን ይችላል» አለች። ፕሮቶኮል ከሁለቱ የሚስማማውን መረጠ፤ ንጽሕና ብሎ አንቺ ላይ አላከከ።

አንቺ ያን ጊዜ «ትሪዎቹን ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው የተውኳቸው፤ ሁለተኛው ላይ አገኘኋቸው፤ ሰው ነክቷቸዋል» ብለሽ ነበር። የማቀዝቀዣ ክፍሉ ሁለት ቁልፍ ብቻ እንዳለው፣ አንዱ አንቺ ጋ ሌላው እሱ ጋ እንደሆነም ተናግረሽ ነበር። ማንም አልሰማሽም። እኔም «ተይ፣ ደክሞሽ ተምታቶብሽ ይሆናል» ብዬሽ ነበር። ፎቶውን ሳይ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው።

«ላኪልኝ» አልኳት ፋርማሲስቷን፤ «ልክ እንደዚህ አድርጌ ነው የማሰናዳልሽ።»

ላከችልኝ።

ያንኑ ቀን ጮኼ መውጣት እችል ነበር። እንደዚያ ያላደረግኩት ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ለኮሚቴው ልናገር? ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ እሱ የሰጣቸውን ወርቅ ካርድ በኪሳቸው ይዘዋል። አንዱ እንዲያውም ፎቶው ዳር ላይ ትከሻው ይታያል። እሱን ለብቻው ላፋጠው? «ሌላ ትሪ ነው፣ ሌላ ቀን ነው፣ ስልኩ ተሳስቶ ነው» ይለኝና ሥራዬን ያሳጣኛል። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ በጓዳ እንዲወድቅ አልፈለግኩም። አንቺ በተዋረድሽበት አዳራሽ፣ በአንቺ ላይ በፈረዱት ዓይኖች ፊት፣ ከሥራ አስኪያጅ ወንበሩ ላይ ተንሸራትቶ እንዲወድቅ ነው የፈለግኩት።

ስለዚህ አምስት ወር ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። ምን ብቻ መቻል! ተንከባከብኩት። ከአዲሱ ክብ አይብ የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእሱ አስቀምጣለሁ። መልካም ቀን እለዋለሁ፤ ኮሌታው ሲታጠፍ አቃናለታለሁ። በየካቲት አንድ ቀን አይቡን እያኘከ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ እንደ እህትሽ አይደለሽም። ማኅበሩን ታስቀድሚያለሽ።» ፈገግ አልኩለት። «ለርስዎ ምስጋና ይግባዎ» አልኩት። ከዚያ ምድር ቤት ወርጄ የጨው ጆንያውን በእርግጫ መታሁት። አውራ ጣቴ እስካሁን ጥቁር ነው።

መቼም የማኅበራችንን ደንብ አትረሽውም። መሥራቾቹ ሲያቋቁሙት ጥቅሙን በአንድ መስመር ነው የጻፉት፤ አንድ አባል፣ አንድ ቁራጭ፣ አንድ ድምፅ። ሐሙስ ሐሙስ ከሌላው ሸማች ቀድሞ መግዛት፣ በዓመት አንዴ በቅምሻው ቀን አዲሱን አይብ እኩል መቅመስ፣ ከቅምሻው በኋላ ተቀምጦ መወሰን። ሀብታም የለ፣ ድሃ የለ። ወርቅ ካርድ የሚባለውን ያመጣው ፕሮቶኮል ነው። ለተመረጡት ቀድሞ ማስቀመስ፣ የተመረጠውን ክብ አይብ ለእነሱ ማስቀረት፣ መጋዘኑን ከፍቶ ማስጎብኘት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ጨመረ፦ በቅምሻው ቀን ሥራ አስኪያጁ በአባላት ፊት ሳይቀምስ ማንም አይቀምስም። «እምነት ለመመለስ» ነው ያለው። ያንን አንቀጽ ሳነበው የምይዘው በየት በኩል እንደሆነ ገባኝ።

ድመትሽን እንደገና መሥራት ነበረብኝ።

ደብተርሽ የማጥለያ ጨርቆቹ ሥር ነበር። አልጣልኩትም። አምስት ወር የፈጀብኝ ትዕግሥቱ ብቻ አይደለም፤ እጄም ነው። እኔ በጠንካራ አይብ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ መጫን፣ ማገላበጥ፣ መጥረግ ነው የማውቀው። ያንቺ እንደ ሕፃን ነው የሚያዘው። የመጀመሪያው ስቀዳው ተበታተነ። ሁለተኛው አጓቱ በደንብ ሳይወጣለት አመድ አለበስኩትና መረረ። ሦስተኛው ጨው በዛበት። ያን ጊዜ ደብተርሽን ደግሜ ሳገላብጥ በጎን በኩል በእርሳስ የጻፍሽውን አየሁ፦ «እትዬ ጨው ታበዛለች፤ አትስሚያት!» ብቻዬን በሳቅ ፈረስኩ። ከዚያ ብዙ ደቂቃ የወተቱን ገንዳ ተደግፌ ቆምኩ። አራተኛው ላይ አንቺን ሰማሁ፤ ጨው ቀነስኩና ያንቺው ጣዕም ወጣ።

እነሆ ሐሙስ ደረሰ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፋርማሲስቷን ለምኜ ከፊት አስቀምጫታለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ያን ዓመት አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል የተኙት ጡረተኛው መምህርም በምርኩዛቸው መጥተው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አይብ በአፋቸው አይዞርም፤ ለድምፃቸው ሲሉ ግን አይቀሩም። ጠረጴዛውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፣ ላዩን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ፕሮቶኮል ያቺን ሰማያዊ ክራባቱን አስሮ ስለ አባልነት ጥቅም ረጅም ንግግር አደረገ። ወርቅ ካርድ ያላቸው ከአሁን በኋላ ልዩ መግቢያ በር እንደሚኖራቸው አበሰረን። ከዚያ «እንግዲህ በደንባችን መሠረት…» ብሎ እጁን እያሻሸ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

ጨርቁን ገለጥኩት።

ነጭ የጠረጴዛ ልብስ። ሦስት ትሪ። ቢላዋው በግራ፣ ፍሬው በቀኝ፣ ብርጭቆው በመካከል፤ ልክ እንደ ፎቶው። ወረቀቶቹን ያንቺን ጽሕፈት አስመስዬ ጽፌያቸዋለሁ። ሰባትን ወገቧ ላይ አስሬያታለሁ።

ፕሮቶኮል ትሪ ቁጥር አሥራ ሰባትን አየ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ግን ሄደ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ዝቅ ብሎ።

«የእህቴ አይብ ነው። ይቅመሱ።»

«ይሄ እኮ ተከልክሏል።»

«የተከለከለው እጇ ንጹሕ አይደለም ተብሎ ነው። ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ። የእኔን እጅ ሲያመሰግኑ አልነበረም እንዴ?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። «ቅመስና እኛም እንቅመስ እንጂ!» ብሎ የጮኸም አለ። እሱም የግዱን ማንኪያ አነሳ። ያን ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዲህ አልኩ፦

«ከመቅመስዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት። ይሄ ትሪ ትናንት ረቡዕ ከሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጓሮ ውስጥ ፀሐይ ላይ ውሏል። ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣው መለስኩት። ምንም አይልም አይደል?»

ማንኪያውን እንደ እሳት ጣለው።

«አብደሻል እንዴ!» ብሎ ጮኸ። «ስምንት ሰዓት ፀሐይ ላይ የዋለ ለስላሳ አይብ ሰው ይጨርሳል! ወደ ማቀዝቀዣ ብትመልሺው አይድንም! ይሄ እኮ የታወቀ ነው! አንሺው! ማንም እንዳይነካ!»

የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር፤ በራሱ ምላስ።

«መቼ ነው ያወቁት?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ፀሐይ ላይ የዋለ እንደሚገድል። ያን ዓመት ጓሮዎ ውስጥ ሲያውሉት ያውቁ ነበር? ወይስ ያወቁት ሠላሳ አንድ ሰው ከታመመ በኋላ ነው?»

ከጠረጴዛው ሥር ያስቀመጥኩትን ፎቶ አወጣሁት። የመስኮት ያህል አሳጥቤው ነበር። ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አድርጌ ያዝኩትና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትሪውን ቁጥር ጮኼ አነበብኩ። ፋርማሲስቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ብድግ አለች። «የኔ ፎቶ ነው» አለች፤ «ነበርኩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ነበር። ወይኔ፣ በዓይኔ እያየሁት!» ምስኪን፣ አለቀሰች። መርማሪዋ የጻፈችውንም አነበብኩ። ያንኑ ቁጥር።

ፊቱን ብታይው! አመድ ለበሰ። ያንቺን ድመት መሰለ ስልሽ።

ሰዉ ትሪውን በፍርሃት ሲሸሸው አየሁና በማንኪያ ሞልቼ በላሁት። «ውሸቴን ነው» አልኳቸው፤ «ከማቀዝቀዣው አልወጣም። ዛሬ ጠዋት ነው ያወጣሁት። የኔ ውሸት ማንንም አያሳምምም።» ይሄን ስናገር ድምፄ ያምር ነበር፤ ራሴን ሰማሁት።

ፕሮቶኮል በመጨረሻ አፉን ከፈተ። «ያደረግኩት ሁሉ ማኅበሩን ለማዳን ነው» አለ። «አንድ ሰው ባይሄድ ኖሮ የአይብ ክፍሉ ይዘጋ ነበር።» አዎን፤ ያን ጊዜም ከስብሰባው በፊት ቢሮው ጠርቶኝ ይህንኑ ነው ያለኝ። «ክፍሉ እንዲዘጋ ነው የምትፈልጊው? ሁለታችሁም ከምትወጡ አንዷ ብትሄድ አይሻልም?» ነበር ያለኝ።

ከዚያ የዚያን ዓመት ቃለ ጉባኤ ይነበብ አልኩ። ጸሐፊው አመነታ፤ መዝገቡን ከእጁ ወስጄ ራሴ አነበብኩት። «አባሏ ባሳየችው የንጽሕና ጉድለት ምክንያት ከሥራዋና ከአባልነቷ እንድትሰናበት ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።» እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ውኃ አቀበሉኝ። ከሥሩ በስብሰባው የተገኙ ሰዎች ስም አለ። እሱን አላነበብኩትም፤ ረጅም ነው።

አንቺ ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ነበርሽ፤ እንድትገቢ አልተፈቀደልሽም። በዚያች በምትወዛወዝ ወንበር ላይ ሽርጥሽን ሳታወልቂ ተቀምጠሽ ነበር። ስወጣ ቀና ብለሽ «ምን ሆነ?» አልሽኝ። «ወሰኑ» አልኩሽ።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ፕሮቶኮል ከሥራም ከአባልነትም ይሰናበት ተባለ። እጅ ወጣ። የእጅ ደን ነበር። እያንዳንዱን እጅ አውቀዋለሁ፤ ባለ ቀለበቱን፣ ጣቱ የተቆረጠውን የአናጢውን፣ ወርቅ ካርዳቸውን ቶሎ ወደ ኪሳቸው የከተቱትን የኮሚቴዎቹን ጭምር። እኔም አወጣሁ፤ ሁለቱንም አወጣሁ። ወርቅ ካርዱም በዚያው ተሻረ፤ ልዩ በሩም ሳይከፈት ቀረ። ሲወጣ በኮሪደሩ ነው የወጣው። ማንም መንገድ አልለቀቀለትም፤ በጎን በኩል እየተሽሎከለከ ሄደ። አንቺ ብታይው ብዬ እግዜርን ለመንኩ።

ሰው ሊበታተን ሲል መምህሩ በምርኩዛቸው ወለሉን መቱ።

«እኔ ያን ቀን አልነበርኩም» አሉ። «ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቶ ስለነበር ብፈልግም እጄን ማውጣት አልችልም። ያወጣችሁት ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ልጅቷ አባልነቷ ይመለስ፤ ሥራዋም ይመለስ። እንደዚህ ብሎ መለያየት ግን አይበቃም። የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፍላት። ያን ቀን እጁን ያወጣ ሁሉ በስሙ ይፈርምበት። ወረቀቱን እኔ አዞራለሁ።»

ማንም አልተቃወመም። ሁሉም ጫማውን ያይ ነበር።

ዓርብ ማልጄ ተነሳሁ። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶግራፉን ከነፍሬሙ አውርጄ ከቆሻሻው ጋር አወጣሁት። መኪናውን የሚያቆምበትን ጥላ ያለውን ቦታ ታውቂው የለ? የአጓት በርሜሎቹን ደረደርኩበት። ይሸታል። ይሽተት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት መጣ። እማማ ከፈተችለትና ማንነቱን ስታውቅ ወደ ጓዳ ገባች። በራፉ ላይ ቆመ፤ ክራባት የለውም፤ ጢሙን አልተላጨም።

«ከተማው ውስጥ መቆም አቅቶኛል» አለኝ። «ሚስቴ ዛሬ ገበያ መውጣት አፈረች። አንድ ቃል ብትናገሪልኝ፣ ‹አስቦበት አይደለም› ብትያቸው…»

«እህቴ ያን ጊዜ አንድ ቃል የሚናገርላት ሰው አግኝታ ነበር?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺም እኮ ያን ቀን…» ብሎ ጀመረ።

በሩን ዘጋሁበት። በኃይል ነው የዘጋሁት፤ የበሩ መስታወት ተሰነጠቀ። እማማ ከጓዳ ወጥታ መስታወቱንም እኔንም አየች። «ምን አለሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ልብ በይልኝ፣ አልጸጸትም። ይገባዋል። ደግሞ ቢመጣ ደግሜ እዘጋበታለሁ። ነገር ግን የገረመኝን ልንገርሽ። ሐሙስና ዓርብ ደስታዬ እንደ ጉድ ነበር። ቅዳሜ ላይ ግን ቁጣው እንዳለ ነው። ሰውዬው ወድቋል፣ ቁጣዬ ቆሟል። ክብ አይቡን ሳገላብጥ፣ ገንዳውን ሳጥብ፣ እማማ ስትጠራኝ፣ ከማን ጋር እንደምጣላ ሳላውቅ እጣላለሁ። እሑድ ሌላ የምበቀለው ሰው ስፈልግ ዋልኩ። ራቅ ብዬ መሄድ አላስፈለገኝም።

ዛሬ ጠዋት ገና ሽርጤን ሳላስር መምህሩ የአይብ ክፍሉ ድረስ መጡ። ሦስት ቀን ሙሉ በምርኩዝ ከቤት ቤት ዞረው ወረቀቱን ሞልተውታል። የአናጢው ፊርማ አለ፣ የጸሐፊው አለ፣ አራቱ ኮሚቴዎችም አሉ፤ አንዱ እንባው የነካው መሰለኝ፣ ቀለሙ ፈስሷል። መምህሩ ከላይ አንድ መስመር ባዶ ትተዋል።

«ማኅበሩ በላይኛው መስመር ላይ ማኅተም ያደርጋል እንዴ?» አልኳቸው።

«ማኅተሙ ከታች ነው» አሉ።

እስክሪብቶውን ገበታው ላይ አስቀመጡልኝና ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው አይቦቹን አንድ በአንድ ይመለከቱ ጀመር። ሰውዬው አይብ እንደማይወዱ ነግሬሻለሁ። እንደዚያም ሆኖ ረጅም ጊዜ ነው ያዩት። ሲጨርሱ «ይሄ ግራጫው የሷ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። «ትንሽ ቁረጪልኝ» አሉ። ቆረጥኩላቸው። ቆመው በሉት፤ ወረቀቱንም ሳያዩ ትተውልኝ ሄዱ።

እንግዲህ ሰላምታዬን። ለእማማ በምትጽፊው ላይ እጅሽ ከምትሠሪበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ሳሙና የተነሳ መሰንጠቁን አንብባልኛለች። የበግ ሞራ ቀቢው፤ ጓንት ስጡኝ በያቸው፤ አትፈሪያቸው። ወተት እንኳ በእጅሽ እንደማትነኪ፣ ሻይሽን ባዶውን እንደምትጠጪም አንብባልኛለች። ይሄንን ስታነብ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እኔም እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ሁልጊዜ «ለእህቴም ሰላም በይልኝ» ትያለሽ። አራት ዓመት ሙሉ ሰላምሽ በእማማ በኩል ደርሶኛል። ለኔ ብለሽ አንድም መስመር አልጻፍሽም፤ ለምን ብዬም አልጠየቅኩሽም።

እማማ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ነው። አልጋሽን በየሳምንቱ ታነጥፈዋለች። እኔ ነይ አልልሽም። ሥራሽ አለ፣ መደርደሪያሽ ባዶ ነው፣ ቁልፉም ከእንግዲህ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸው በፖስታው ውስጥ አለልሽ። ብትመጪ በሩን ትከፍቺበታለሽ። ባትመጪም ያንቺ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ወርውሪው፤ እኔ ቅያሬ አላስቀርጽም።

ፈጣሪ እጅሽን ይፈውስልሽ። የምትውዪበትን ያሳምርልሽ፣ የምትተኚበትን ያሙቅልሽ። ስምሽን ያነሳ ሁሉ ከአሁን በኋላ በደግ ያንሳሽ። ካኮረፍሽው ሁሉ ጋር እስክትስማሚ ድረስ ዕድሜ ይስጥሽ፤ ለሚጠብቅሽም ዕድሜ ይስጠው።

እትዬሽ

የማኅበሩን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። መምህሩ ሲያመጡት ሠላሳ ሰባት ስም ነበረበት፤ አሁን ሠላሳ ስምንት ነው። እባክሽ ከላይ ጀምረሽ አንብቢው።